የስታዲየም ትኬት ለትንሿ አዳራሽ ይክፈል?

የፊት ረድፍ፦ ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ክርክር ይዤ መጥቻለሁ። ትልቅ ኩባንያ ከኋላቸው የሌለ ኢንዲ ባንዶች የሚጫወቱባቸው ትንንሽ አዳራሾች እየተዘጉ ነው። ሚውዚክ ቬኑ ትረስት የተባለው የእነዚህ ቤቶች ተቆርቋሪ ድርጅት እንዳለው፣ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 125 ቤቶች ወይ ተዘግተዋል ወይ ሙዚቃ ማቅረብ አቁመዋል። የቀረበው መፍትሔ ይኸው፦ ከስታዲየምና ከትልልቅ አዳራሽ ትኬት ላይ አንድ ፓውንድ ይነሳና ለትንንሾቹ ይሰጥ። በ2024 የፓርላማ ኮሚቴ ሐሳቡን ደግፎ፣ መጀመሪያ በፈቃደኝነት ይሞከር፣ ካልሆነ በሕግ ይሁን አለ። መንግሥትም በፈቃደኝነት የሚለውን ተቀበለ።

እኔ ይከፈል ባይ ነኝ። ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ባንድ ያየ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል። ዘፋኟ ግጥሙ ሲጠፋት ታያለህ። ቤዙ ደረትህ ውስጥ ይገባል። ጊታሪስቱ የጊታሩ ክር ሲበጠስ ተለዋጭ ጊታር የሚያቀብለው ሰው የለም፤ እዚያው ተቀምጦ እየቀጠለ ድራመሩ ቀልድ ያወራልሃል። ያልተቀዳ ዘፈን ሞክረው "እንዴት ነው?" ብለው ይጠይቁሃል። ያ ዘፈን ከዓመት በኋላ ሲወጣ መሀሉ ተቀይሮ ታገኘዋለህ። ይህን በስታዲየም ስክሪን አታገኘውም።

ስታዲየም ወዳጅ፦ ቆንጆ አድርገሽ ጽፈሻል፣ እኔ ግን አልከፍልም። ምክንያቴ አጭር ነው። አንቺ የምትወጂውን ነገር እኔ ለምን ልሸፍን? እኔ ትልቅ ድምፅ፣ ትልቅ መብራት፣ 60 ሺህ ሰው አብሮኝ ሲዘፍን ነው ደስ የሚለኝ። ትኬቱ እንደሆነ አሁንም ሰማይ ነው። የእንግሊዙን ሮክ ባንድ፣ የኦዌሲስን የ2024 የትኬት ሽያጭ አስታውሱ። ሰው ሰዓታት ተሰልፎ ጠብቆ ተራው ሲደርስ 148 ፓውንድ የነበረው የቁም ትኬት 355 ሆኖ ጠበቀው። በዚያ ላይ ደግሞ አንድ ፓውንድ? ዛሬ አንድ፣ ነገ ሦስት።

የፊት ረድፍ፦ ጥሩ ምሳሌ አመጣህልኝ። እስቲ ኦዌሲስ ከየት መጡ? በ1993 ግላስጎ ውስጥ ኪንግ ተትስ በተባለች 300 ሰው በምትይዝ ቤት ሲጫወቱ ነው የሙዚቃ አሳታሚው የክሪዬሽን ሪከርድስ ባለቤት አላን ማጊ ያያቸው። እዚያው ነው ውል ልስጣችሁ ያላቸው። ያቺ ቤት ባትኖር አንተ ለ355 ፓውንድ የምትሰለፍለት ባንድ የት ይገኝ ነበር?

ስታዲየም ወዳጅ፦ ሌላ ቤት ይጫወቱ ነበራ! ጎበዝ ሰው ተደብቆ አይቀርም።

ቤዝ መቺ፦ ኧረ ባክህ ወንድሜ፣ ይቀራል። ጎበዝ ሆነው የቀሩ ስንቱን አውቃለሁ። በቫን ተኝተው፣ ቀን ሌላ ሥራ ሠርተው፣ በመጨረሻ ልጅ ሲወለድ ጊታሩን ሸጠው የተበተኑ። እኔ ራሴ እንዲህ ባለ ባንድ ውስጥ ነኝ። ሒሳቡን በምሳሌ ላሳይህ። 100 ሰው የምትይዝ ክፍል እንበል፣ ትኬቱ 10 ፓውንድ፣ ግማሹ ሞላ። 500 ፓውንድ ገባ። ቤቱ ቫት ተመዝጋቢ ከሆነ 83 ግድም ለመንግሥት ይሄዳል። የድምፅ ሰው አለ፣ በር ላይ የሚቆም አለ፣ ፖስተርና ማስታወቂያ አለ። የተረፈው ለሦስት ባንድ ይካፈላል። እያንዳንዱ ባንድ አራት ሰው ነው። ከዚያ ነዳጅ። እንግዲህ ለእራት ምን እንደሚቀር አንተው አስላ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ቦታ በር ላይ "ማንን ልታይ መጣህ?" ብለው ይጠይቁሃል። ወግ እንዳይመስልህ። በስምህ የመጣውን ሰው እየቆጠሩ ነው የሚከፍሉህ። መጀመሪያ የሚጫወተው ባንድ ስሙን የሚጠራለት ስለሌለ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ደረሰኝ፦ ሒሳብ ሥራዬ ስለሆነ ልግባ። ቤዝ መቺ ያለው ትክክል ነው፤ ግን የተናገረው ነገር የሚያመለክተው ወደ ሌላ መፍትሔ ነው። ቫቱን ተመልከቱ። በብሪታንያ የኮንሰርት ትኬት ላይ 20 በመቶ ነው። በጀርመን 7 በመቶ። የስታዲየም ሰው ኪስ ከመግባቱ በፊት መንግሥት ከትንሿ ቤት ላይ እጁን ያንሳ። በ2023 እነዚህ ቤቶች በአማካይ ያገኙት ትርፍ ግማሽ በመቶ ብቻ ነበር። ከመቶ ፓውንድ ሽያጭ 50 ሳንቲም ማለት ነው። እንዲህ ካለ ሥራ ላይ 20 በመቶ መውሰድ ጤነኛ አይደለም።

ስታዲየም ወዳጅ፦ በዚህ ተስማማሁ! ደረሰኝ ትኑርልን።

ደረሰኝ፦ ቶሎ አትደሰት። የአንድ ፓውንዱን መዋጮም አልቃወምም። ፈረንሳይ ይህን ነገር ከብሪታንያ ቀድማ ትሠራበታለች። ከኮንሰርት ትኬት ገቢ 3.5 በመቶ ይሰበሰብና አሁን ሴንትር ናሲዮናል ደ ላ ሚውዚክ ለሚባለው የመንግሥት ተቋም ይገባል። ከዚያ ብዙው ራሳቸው አዘጋጆቹ ለቀጣይ ትርኢት እንዲያውሉት ይመለስላቸዋል፣ የቀረው ለደካሞቹ ድጋፍ ይሆናል። ፓሪስ ውስጥ ኮንሰርት አልቀረም፤ ሰማይም አልተደፋም።

ጋሽ ሸክላ፦ ልጆች፣ እኔ በዕድሜ ስለምበልጣችሁ ትንሽ ልቆጣ። ኢንዲ ማለት ራሱን የቻለ ማለት አልነበረም? አሁን ደግሞ ራሱን ለመቻል መዋጮ ያስፈልገዋል! ፉጋዚን ታውቃላችሁ? የዋሽንግተኖቹን ፓንክ ባንድ። በር ላይ 5 ዶላር ያስከፍሉ ነበር። ቲሸርት አይሸጡም። ልጅ አዋቂ ሳይሉ ሁሉ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽም፣ በማኅበረሰብ ማዕከልም ይጫወቱ ነበር። የማንንም ድጎማ አልጠበቁም። ዓለምን ዞሩበት። የትልቅ ኩባንያ ገንዘብ የገባበት ቤት ነገ ማን እንደሚጫወት የሚወስነው ማን ይመስላችኋል?

የፊት ረድፍ፦ ጋሼ፣ ከአክብሮት ጋር፣ እርስዎ የሚሉት ዘመን ኪራዩም የዚያን ዘመን ነበር። አሁን እነዚያ ቤቶች አብዛኞቹ ተከራይ ናቸው። ባለንብረቱ ሕንፃውን ለአፓርታማ ልሽጠው ካለ በ5 ዶላር በር የሚያድን የለም።

ጋሽ ሸክላ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ታዲያ ችግሩ ኪራይ ከሆነ ስለ ኪራይ እንነጋገር እንጂ ስለ ስታዲየም ለምን እንጮሃለን?

የድምፅ ሰው፦ ይሄ ጥያቄ ጥሩ ነው። የድምፅ ማደባለቂያው ጀርባ ቆሜ የምውል ሰው ስለሆንኩ የማየውን ልንገራችሁ። ቤት የሚዘጋው ሰው ጠፍቶ ብቻ አይደለም። አዳራሹ ለአሠርት ዓመታት ሲጮህ በኖረበት ቦታ አጠገብ አዲስ ሕንፃ ይሠራል። አዲሱ ነዋሪ ለሊት እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ይከሳል። ከዚያ ድምፅ ቀንስ፣ ማታ በጊዜ ዝጋ፣ ድምፅ እንዳያወጣ ግድግዳ አጥብቅ ይባላል። ግድግዳ ማጥበቅ የአንድ ዓመት ትርፍ ብቻ አይበላም፣ የብዙ ዓመት ነው። በእንግሊዝ ከ2018 ጀምሮ የሕንፃ ፈቃድ መመሪያው በኋላ የመጣው ሠሪ ነው ድምፁን መከላከል ያለበት ይላል። መመሪያው ደግ ነው። ግን ክርክሩ ላይ ቀርቦ ለማስረዳት ጠበቃ ያስፈልጋል፣ ጠበቃ ደግሞ በምን ይከፈላል? ለዚህ ነው እኔ መዋጮውን የምደግፈው። ለቢራ ማቀዝቀዣ አይደለም። ለግድግዳ፣ ለጠበቃ፣ ለተበላሸ ሞኒተር፣ ማለትም ዘፋኙ መድረክ ላይ ራሱን ለሚሰማበት ስፒከር።

ስለ ሞኒተር ካነሳሁ አይቀር፣ ዘፋኝ ራሱን ካልሰማ ከቃናው ይወጣል። ተመልካቹ "አይችልም" ብሎ ይሄዳል። ስንት ጥሩ ድምፅ በመጥፎ ሞኒተር ተሰድቧል መሰላችሁ።

ቤዝ መቺ፦ አሜን። ይህን በትልቁ ጽፈህ ለጥፍልኝ።

ደረሰኝ፦ ለጋሽ ሸክላ ጥያቄ ደግሞ ሌላ መልስ አለ። ያው ሚውዚክ ቬኑ ትረስት ባቋቋመው ማኅበር በኩል ሕንፃዎቹን መግዛት ጀምሯል። ከተራ ሰዎች ላይ በአክሲዮን ገንዘብ ሰብስቦ በ2023 በእንግሊዝ አተርተን ከተማ ያለችውን ዘ ስነግ የተባለች ትንሽ አዳራሽ ገዛ። ባለንብረቱ የሙዚቃ ወዳጅ ሲሆን አፓርታማ ልሥራ አይልም። እርስዎም አክሲዮን ቢገዙ ማንም አያዝዎትም፣ እርስዎ ነዎት ባለቤቱ።

ጋሽ ሸክላ፦ ይህችኛዋን ወደድኳት። በፈቃድ የሚሰጥና በግድ የሚነጠቅ ለየቅል ነው።

ስታዲየም ወዳጅ፦ እኔም ልል የነበረው ይህንኑ ነው። በፈቃድ ከሆነ ማን ይቃወማል? ኮልድፕሌይ በ2025 ከዌምብሌይና ከሀል ኮንሰርቶቻቸው ካገኙት 10 በመቶውን ለትረስቱ ሰጥተዋል። ኤንተር ሺካሪም በ2024 ጉዟቸው ከእያንዳንዱ ትኬት አንድ ፓውንድ ሰጥተዋል። እንዲህ ባንዶቹ ራሳቸው ይስጡ። ሕግ ለምን?

የፊት ረድፍ፦ ምክንያቱም ልበ ጥሩዎቹ ሁሌም እነዚያው ናቸው። ልበ ጥሩ ያልሆነው በነፃ ይጓዛል። በእግር ኳስ እንኳ ትልቁ ክለብ ታዳጊ ሲወስድ ላሳደገው ትንሽ ክለብ ይከፍላል። ሙዚቃ ላይ ያሳደገው ቤት ምንም አያገኝም፤ ግድግዳው ላይ ፎቶ ይሰቅላል፣ በቃ።

ስታዲየም ወዳጅ፦ እግር ኳስ ላይ የሚከፍለው ክለቡ ነው። ደጋፊው ትኬት ላይ አይጨመርበትም። ልዩነቱ ይታይሽ።

ደረሰኝ፦ ይህ የዛሬው ምርጥ ነጥብ ነው፣ ላልፈው አልችልም። ፓውንዱ በትኬቱ ላይ ይጨመር ወይስ ከትኬቱ ውስጥ ይነሳ? ሰዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ነው የሚጨቃጨቁት። ከላይ ከተጨመረ ከፋዩ አድናቂው ነው። ከውስጥ ከተነሳ አዘጋጁ፣ አዳራሹና አርቲስቱ ይካፈሉታል። መቶ ፓውንድ ላይ አንድ ፓውንድ ከውስጥ ቢነሳ የሚከስር ትልቅ አዘጋጅ የለም። የአገልግሎት ክፍያ ብሎ የሚቆርጠው ራሱ ስንት ነው?

ቤዝ መቺ፦ እኔ ደግሞ የምፈራው ሌላ ነው። ገንዘቡ ቤቱ ጋ ደርሶ እኛ ጋ ሳይደርስ እንዳይቀር። አዳራሽ ማዳን ጥሩ ነው። ግን አዳራሹ ድኖ ባንዱ ከሞተ ማን ይጫወትበታል? አንዳንድ ቤት ከቲሸርት ሽያጫችን ላይ 20 እና 25 በመቶ ይቆርጣል። ቲሸርቱን እኛ አሳትመን፣ እኛ ተሸክመን፣ እኛ ሸጠን። ለብዙ ባንድ ደግሞ የዚያች ሌሊት ገቢ ቲሸርቷ ናት። ከስትሪሚንግ እንዳትሉኝ ብቻ፤ ስፖቲፋይ ከ2024 ወዲህ በዓመት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፍልም።

የድምፅ ሰው፦ ሁሉም ቤት አይቆርጥም። በብሪታንያ አርቲስቶቹ በ2022 የማይቆርጡትን ቤቶች ስም ዝርዝር አውጥተዋል። እሱን እያየህ ጉዞህን አቅድ።

ስታዲየም ወዳጅ፦ ትልቁ የኮንሰርት አዘጋጅ ላይቭ ኔሽንም በ2023 በአሜሪካ ክለቦቹ ከቲሸርት አልቆርጥም፣ ለነዳጅም 1,500 ዶላር እሰጣለሁ ብሏል። እንግዲህ ክፉ የምትሉት ኩባንያ ነው።

የድምፅ ሰው፦ ብሏል። ወዲያውም የአሜሪካ ገለልተኛ መድረኮች ማኅበር ተቃወመ። ለምን መሰለህ? ትልቁ 1,500 ዶላር አጉርሶ ባንዱን ይወስዳል፣ ጎኑ ያለችው ትንሽ ቤት መስጠት አትችልም፣ ባዶዋን ትቀራለች። ስጦታው ከቆመ በኋላ ባንዱም የሚሄድበት ሌላ ቤት አያገኝም። ባንዱ ጥፋተኛ ነው አልልም። የተራበ ሰው የቀረበለትን ይበላል።

ቤዝ መቺ፦ እኔም እበላዋለሁ፣ አልዋሽህም።

ጋሽ ሸክላ፦ ይኸው! ገንዘብ የሰጠህ ያዝዝሃል ያልኳችሁ ይህ ነው። ዛሬ ላይቭ ኔሽን፣ ነገ መዋጮ አከፋፋይ ኮሚቴ። ኮሚቴው "ለዚህ ቤት ስጡ፣ ለዚያ አትስጡ" ሲል ጩኸታም ባንድ የሚያቀርበው ቤት መቼም አይደርሰውም። ንጹሕ ግድግዳና ጥሩ ሪፖርት ያለው ይወስደዋል።

የፊት ረድፍ፦ ጋሼ፣ የሚያሳስብ ነገር ነው፤ ለዚህ መልስ የለኝም። እኔ የምወዳቸው ቤቶች ሪፖርት መጻፍ ቀርቶ መጸዳጃ ቤታቸው በር የለውም።

ደረሰኝ፦ መልሱ ቀላል መስፈርት ነው። ጣዕም አይመዘን። በዓመት ስንት ሌሊት የራሳቸውን ዘፈን የሚጫወቱ ባንዶች አቀረባችሁ? ለባንዶቹ ከፈላችሁ? ከቲሸርት ቆረጣችሁ? ሦስቱን በአንድ ገጽ መልሱ፣ ገንዘቡን ውሰዱ። ቤዝ መቺ የፈራውም እዚያው ይመለሳል፤ ከቲሸርት የሚቆርጥ ቤት ከመዋጮው አይደርሰውም።

ቤዝ መቺ፦ እንዲህ ከሆነ እኔ እጄን አውጥቻለሁ።

ስታዲየም ወዳጅ፦ እሺ፣ የኔ የመጨረሻ ዋጋ። ፓውንዱ ከውስጥ ይነሳ፣ በላይ አይጨመርብኝ። የት እንደሄደ በየዓመቱ ይታተም። እነዚህ ሁለቱ ካሉ አልቃወምም። ከላይ ከተጨመረ ግን አሁንም አይሆንም ባይ ነኝ።

ጋሽ ሸክላ፦ እኔ አክሲዮኗን እገዛለሁ እንጂ መዋጮውን አልፈርምም። አትጫኑኝ።

የፊት ረድፍ፦ እኔ ከላይ ቢጨመርም እከፍላለሁ። ስንለያይ አልተስማማንም ማለት ነው፣ ይሁን። ስታዲየም ወዳጅ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ቤዝ መቺ በሚቀጥለው ሲጫወት መጥተህ እይ። በሰዓቱ ና ደግሞ፤ ዋናው ባንድ ሲጀምር የሚመጣ ሰው ግማሹን ነው ያየው።

ስታዲየም ወዳጅ፦ እመጣለሁ። በር ላይ "ማንን ልታይ መጣህ?" ሲሉኝ የእሱን ባንድ ነው የምላቸው። ቤዝ መቺ፣ ባንድህ ማን ይባላል ግን? ይህን ሁሉ ስታወራ ስሙን አልነገርከንም እኮ።