ከሆድ ኦፕሬሽን በኋላ እማዬ ምግብ እምቢ አለችኝ፤ ምን ላብላት?

የእማማ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። እናቴ 62 ዓመቷ ነው። አንጀቷ ተጠማዝዞ በድንገተኛ ኦፕሬሽን ተደረገች። የተጎዳውን ቆርጠው ቀጠሉት። ዛሬ 12ኛ ቀኗ ነው፤ ቤት ከገባን 4 ቀን ሆነን። ሐኪሙ «ለስላሳ ምግብ፣ ቀስ በቀስ» ብሎ ሸኘን፤ በቃ። አጥሚትና የአጥንት መረቅ ነው የምሰጣት። ሳህን ሳቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ከ58 ኪሎ 51 ገብታለች። ጎረቤቱ ሁሉ ደግሞ ዶሮ ወጥ ይዞ ይመጣል። ጭራሽ ፍልሰታ ሊገባ ነው፣ «እጾማለሁ» ትላለች።

ሲስተር ቀ.፦
እግዜር ይማርልሽ። መጀመሪያ ሳህኑን ተዪው። በቡና ሲኒ ስጫት፤ በየ2 ሰዓቱ፣ በቀን 6 ወይ 7 ጊዜ። ሆዱ የተከፈተ ሰው ቶሎ ይጠግባል። ሙሉ ሳህን ማየቱ ራሱ ያስጠላዋል።
መረቁ ብቻውን ውሃና ጨው ነው፣ ከዚያ ብዙም አያልፍ። ቁስል የሚጠግነው ፕሮቲን ነው። ከከባድ ኦፕሬሽን በኋላ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ይመከራል። ለእናትሽ ከ60 እስከ 75 ግራም ገደማ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው፤ አስቢው። የኩላሊት ችግር ካለባት ግን ሐኪሟን ሳትጠይቂ አትጨምሪ። 7 ኪሎ መቀነሷንም ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪው፤ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ሁለቴ የተከፈትኩት፦
እኔ ያዳነኝን ልንገርሽ። አጥሚቱን በውሃ ሳይሆን በወተት ሥሪው። መረቁ ሲፈላ እንቁላል መትተሽ ጨምሪበት። ድንች ቀቅለሽ ፍጪና በእርጎ ለውሺው። ዶሮ ወጡን አትመልሺ፣ ሰው ይቀየማል! ሥጋውን ከቁሌቱ አውጥተሽ በሙቅ ውሃ አለቅልቂና በጣትሽ ሰነጣጥቂው። እንጀራ እኔ በ3ኛው ሳምንት ነው የጀመርኩት፣ መረቅ ያራሰው ፍትፍት። ቆሎ፣ ጥሬ አትክልትና ተልባ ለጊዜው ይቆዩ። ደግሞ ጠያቂ ሁሉ «ተኚ፣ ተኚ» ይላታል። እሺ አትበያቸው። ከበላች በኋላ ክንዷን ይዘሽ እስከ በር አንሸራሽሪያት።

ክክ በአልጫ፦
ጾሙን ለንስሐ አባቷ ስጪው። አባቴ እኛ ለምነነው እምቢ ያለውን አባ በስልክ በ2 ደቂቃ ጨረሱት። ከሥጋና ከወተት እርቃለሁ ካለች እንኳ የተፈጨ ምስር ክክ፣ አጥሚት ውስጥ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ የአኩሪ አተር ወተት አለ። ሽሮ ሊነፋት ስለሚችል በትንሹ። እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ መዋል ግን በፍጹም።

ሲስተር ቀ.፦
አንድ ነገር ረሳሁ። ሆዷ ከተነፋ፣ ካስመለሳት፣ ፈስና ሰገራ ካቆመ፣ ትኩሳቷ 38 ካለፈ ወይ ቁስሉ መግል ከያዘ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። ያኔ ጉዳዩ የምግብ ፍላጎት አይደለም።

የእማማ ልጅ፦
ለሐኪሙ ደወልኩ፣ ነገ አምጫት ብሏል። በሲኒውም ሞከርኩ። የወተቱን አጥሚት ሁለት ሲኒ ጨረሰችና «ቡናውስ?» አለችኝ። ይቻላል እንዴ?

ሲስተር ቀ.፦
ሐኪሟ ካልከለከላት ይቻላል፤ እንዲያውም አንጀት ያነቃቃል። ከምግቡ አንድ ሰዓት ራቅ አድርጊው፣ አለዚያ ከምግቡ የምታገኘውን አይረን ይቀንስባታል። ቶናውን ለሷ፣ አቦሉን አንቺ ጠጪው።