የፓተንት ነገር ግራ አጋባኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ አንድ ነጻ መተግበሪያ ስሠራ ቆይቻለሁ። ገበሬዎች ቀይ ቡና ለቅሞ አልጋ ላይ ማድረቅን በአጫጭር ቪዲዮ ይማሩበታል። ኮዱ ክፍት ነው፤ ፈቃዱ ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት የሚፈቅደው ኤምአይቲ ነው።

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ ያለ አንድ ቡና ገዢ ሊጠቀምበት ፈለገ። ጠበቃው ግን «የኤች 264 ፓተንትስ?» አለኝ። ኤች 264 ቪዲዮዬ የሚጨመቅበት ዘዴ ነው፤ ፓተንት ደግሞ በአንድ ፈጠራ ለመጠቀም የባለቤቱን ፈቃድ የሚያስጠይቅ መብት። ቪዲዮውን የሚጨምቅልኝ ፕሮግራም፣ ኤፍኤፍኤምፔግ፣ ነጻ ሶፍትዌር ስለሆነ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ የኮዱ ፈቃድ ሌላ፣ የፓተንቱ ፈቃድ ሌላ። በቅጂ መብት ቢሆን ካልቀዳሁ ነጻ ነኝ። በፓተንት ግን ኮዱን ራሴ ከባዶ ብጽፈውም አላመልጥም። ይሄ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኛው አዋጅ ቁጥር 123 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ፓተንት አይሰጥም። ፓተንት ደግሞ የሚሠራው በተሰጠበት አገር ነው። ስለዚህ ጅማ ላይ አልሰጋም፤ ጭንቀቴ አሜሪካ ነው።

ኤቪ 1 ወደሚባለው ሌላ የቪዲዮ መጨመቂያ ዘዴ ልቀይር? ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ግን የገበሬዎቹ አሮጌ ስልኮች ላይ ይንቀረፈፋል፣ ባትሪም ይበላል። የኮዱን ፈቃድ ከኤምአይቲ ወደ አፓቼ 2.0 ብቀይረውስ? እሱ ኮድ ያዋጡ ሰዎች የያዙትን ፓተንት ይሸፍናል፤ የሌላ ሰውን ግን አይሸፍንም፣ ልክ ነኝ? ሁለት ልጆች ኮድ አዋጥተውልኛል፤ እነሱን ችግር ውስጥ መክተት አልፈልግም።

ወይስ መጨመቂያውን አውጥቼ የስልኩን የራሱን ማጫወቻ ብጠቀም ይበቃል? ይሄ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለብኝ።