መሰላሉ ላይ እኔ 580 አገኘሁ፣ መልሱ 435 ይላል

ፍሬሽማኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሚድ ፊዚክስ እያጠናሁ አንድ ጥያቄ ላይ ተቸክዬ ቀረሁ። የዶርም ልጆች "ተይው፣ አይመጣም" ብለው ተኙ። እኔን እንቅልፍ ነሳኝ።

5 ሜትር መሰላል ልሙጥ ግድግዳ ተደግፏል። እግሩ ከግድግዳው 3 ሜትር ይርቃል፣ ጫፉ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። መሰላሉ 20 ኪሎ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው መሰላሉ ላይ 4 ሜትር ወጥቷል። ጂ (የመሬት ስበት) 10፣ የወለሉ ሚዩ (ወለሉ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚነግር ቁጥር) 0.6። ወለሉ ላይ ያለው ፍሪክሽን (እግሩ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ሰበቃ) ስንት ነው?

በመሰላሉ እግር ዙሪያ ቶርክ (ፎርስ በርቀት ሲባዛ የሚገኘው የማዞር አቅም) ወሰድኩ። የመሰላሉ 200 በ2.5፣ የሰውየው 600 በ4፣ ድምሩ 2900። ለ5 ሳካፍለው የግድግዳው ግፊት 580 ኒውተን ሆነ። ፍሪክሽኑም ያው መሆን አለበት። ከዚያ ደግሞ ሚዩን በኖርማል ፎርሱ (ወለሉ ወደ ላይ የሚገፋበት፣ የሁለቱ ክብደት ድምር)፣ 0.6 በ800 ብዬ 480 አገኘሁ። ወርክሺቱ 435 ነው የሚለው። አንግሉን የተውኩት ሁሉም ፎርስ እዚያው መሰላል ላይ ስላረፈ ይጣፋል ብዬ ነው። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

ሜካኒካል 3ኛ ዓመት፦
አንግሉ አይጣፋም እህቴ። ክብደት ወደ ታች ይጎትታል፣ ግድግዳው ግን ወደ ጎን ይገፋል። የሚያስፈልግሽ በመሰላሉ ላይ የተለካው ርቀት አይደለም። ከእግሩ ተነስቶ የፎርሱን መስመር በ90 ዲግሪ የሚያገኘው ርቀት ነው።

ሰውየው ከቆመበት ቱንቢ ጣይ። ወለሉን የሚነካው ከመሰላሉ እግር 2.4 ሜትር ላይ ነው። ከመሰላሉ መሃል ብትጥዪው 1.5። የግድግዳው ግፊት ደግሞ ከወለሉ 4 ሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል። 200 በ1.5 ሲደመር 600 በ2.4፣ 1740። ለ4 አካፍዪው፣ 435።

ያንቺን 580 በ0.6 አባዝተሽ ለ0.8 ብታካፍዪው ያው 435 ይመጣል። የጠፋብሽ ኮሳይኑና ሳይኑ ብቻ ነው።

ፍሬሽማኗ፦
ቱንቢዋን ወደድኳት! 480ውስ? ፎርሙላው እኮ ደብተሬ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

አስተማሪው፦
480 ጣሪያው ነው። ወለሉ እስከዚያ ድረስ መያዝ ይችላል፤ የሚይዘው ግን የተጠየቀውን ያህል ነው። ግድግዳው በ435 ከገፋ ወለሉ በ435 ይመልሳል፣ አለቀ። በየዓመቱ ፈተና ሳርም ይሄንኑ ስህተት አያለሁ። ሚዩ በኤን (በኖርማል ፎርሱ) የምትዪው ነገሩ ሲንሸራተት ወይም ሊንሸራተት አፋፍ ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

እስቲ ሰውየው እስከ የት መውጣት ይችላል? ያኔ 480ሽ ይጠቅማል። 480 በ4፣ 1920። የመሰላሉን 300 ቀንሺ፣ 1620። ለ600 ሲካፈል 2.7 ሜትር፤ በመሰላሉ ላይ ሲለካ 4.5 ሜትር። ጫፍ ድረስ ልውጣ ካለ 525 ይፈለጋል። ወለሉ ከየት ያምጣው?

ቀለም ቀቢው፦
እኔ ፊዚክሱን ብዙ አልገፋሁበትም። ግን ልጄ፣ መሰላሉን እንዲህ ያንጋለለው ማነው? እኛ አራት ወደ ላይ ከሆነ አንድ ወደ ውጭ ነው የምንለው። አንዴ ቸኩዬ እግሩን አርቄ አቆምኩት፣ የሲሚንቶውን አቧራም አልጠረግኩም። ስወጣ ምንም አላለኝም። መጨረሻዎቹ ሁለት መርገጫዎች ላይ ስደርስ ሄደ። እኔ ያን ቀን የወቀስኩት የቀለሙን ባልዲ ነው። ለካ 4.5ቷ ነበረች!

ፍሬሽማኗ፦
ጋሼ፣ እንኳን ተረፉ! በእርስዎ አራት ለአንድ አሰላሁት። እግሩ 1.2 ሜትር ሲርቅ ጫፉ 4.85 ሜትር ላይ ያርፋል። ሰውየው ጫፍ ላይ ቢቆም እንኳ የሚፈለገው ፍሪክሽን 173 ኒውተን ገደማ ነው። በቱንቢ ነው የሠራሁት። አሁን የዶርም ልጆችን ልቀሰቅሳቸው ነው።