በጣሊያን ዘመን የተሠራ የድንጋይ አዳራሽና ግቢ ለሕዝብ አገልግሎት ሲታደስ፦ ሲሚንቶውን፣ ኖራውንና እርጥበቱን በምን ቅደም ተከተል? (ጎንደር)

ፒያሳ_ዲዛይን፦

ሰላም ባለሙያዎች። ቢሯችን ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ በጣሊያን ዘመን የተሠራ የድንጋይ አዳራሽ ከነግቢው ለማደስ ዲዛይን ላይ ነው። አዳራሹ ማንበቢያና ዐውደ ርዕይ ማሳያ ይሆናል፤ ግቢው ደግሞ ቡና የሚጠጣበትና በበዓል ሰው የሚሰበሰብበት ክፍት ቦታ።

አዳራሹ 22 ሜትር በ8 ሜትር ነው። ግድግዳው 60 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ጥቁር ድንጋይ ሲሆን የበርና የመስኮት ቅስቶቹ ከለስላሳው ቀይ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። መጀመሪያ የተገነባው በኖራ ነው። በኋላ ግን የውጪው ድንጋይ መገጣጠሚያ በሲሚንቶ ተሞልቷል (ፖይንቲንግ ተደርጓል)፣ ውስጡም እስከ 1.5 ሜትር ሲሚንቶ ተለስኖ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። ዙሪያውን 1 ሜትር ስፋት ያለው ኮንክሪት ፈሶበታል። አሁን እርጥበቱ በውስጥ በኩል እስከ 1.2 ሜትር ወጥቷል፣ ቀለሙ እያበጠ ይላጣል፣ የቅስቶቹ ቀይ ድንጋይ ፊቱ እንደ ቅርፊት እየተነሳ ይረግፋል። ግንቡ አናት ላይ የዋርካ ችግኝ በቅሏል።

ጥያቄዎቼ፦ ሲሚንቶው ድንጋዩን ሳይጎዳ እንዴት ይነሳል? የኖራው ልኬት ስንት በስንት ይሁን፣ በከረጢት የሚሸጠው ይበቃል ወይ? ኤሌክትሪክና ውሃ በየት ይለፍ? አሠሪው ሁሉም ለጥምቀት ይድረስ ይላል፤ ይደርሳል ወይ?

ውሃ_ልክ፦

ከሲሚንቶው በፊት ውሃው ነው። ምንጩ ሳይዘጋ ኖራ ከገባ ኖራውም በሁለት ክረምት ይበላሻል፣ ከዚያ «ኖራ አይሠራም» ተብሎ ወደ ሲሚንቶ ይመለሳል። ይህ በተደጋጋሚ የሚታይ ስህተት ነው።

ሦስት ቦታ እዩ። አንደኛ ጣራውን። የጣራችሁ ስፋት ከነክፈፉ 200 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። በሰዓት 100 ሚ.ሜ. የሚጥል ዶፍ ብትወስዱ በሰዓት 20 ሜትር ኩብ፣ በሰከንድ 5.6 ሊትር ውሃ ነው። ለዚህ በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ ሁለት ባለ 110 ሚ.ሜ. ማውረጃ ያስፈልጋል። አሸንዳው መሬት ላይ እንዲተፋ አትተዉት፣ ከግድግዳው ወደሚርቅ ቦይ ይግባ።

ሁለተኛ የውጪውን መሬት ከፍታ። በየጊዜው አፈርና ንጣፍ ሲጨመር ደጁ ከውስጡ ወለል እኩል ይሆናል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። የውጪው መሬት ከውስጡ ወለል 15–20 ሳ.ሜ. ዝቅ ማለት አለበት።

ሦስተኛ ያ የኮንክሪት ዙሪያ። ብዙ ሰው ግድግዳውን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ሥራው ግን በተቃራኒው ነው፦ ከመሬት የሚተነው እርጥበት መውጫ ሲያጣ በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ይሄዳል። ውስጡም ውጪውም በሲሚንቶ ስለታፈነ መተንፈሻ አጥቶ ወደ ላይ ይገፋል። የእናንተ 1.2 ሜትር ከዚህ ነው። ስለዚህ ኮንክሪቱ ይነሳ፣ በቦታው ጠጠር ይግባ።

ለማፋሰሻው ቦይ፦ መጀመሪያ 1 በ1 ሜትር የሙከራ ጉድጓድ ቆፍራችሁ የመሠረቱን ጥልቀት እዩ። የድሮ ድንጋይ መሠረት ጥልቀቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ከመሠረቱ የታችኛው ጠርዝ በ45 ዲግሪ ወደ ውጭና ወደ ታች መስመር አስምሩ፤ የቦዩ ወለል ከዚያ መስመር በታች እንዳይወርድ። ስፋቱ 40 ሳ.ሜ.፣ ቁልቁለቱ 1 በመቶ፣ ባለ ቀዳዳ 110 ሚ.ሜ. ቱቦ፣ ዙሪያውን ከ20–40 ሚ.ሜ. ጠጠር፣ ጠጠሩ በጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር በሚያስቀር ጨርቅ) ይጠቅለል። ጨርቁ ከቀረ አፈሩ ገብቶ ጠጠሩን ይደፍነዋል።

ቁፋሮው በእጅ ይሁን፣ ኤክስካቫተር አይግባ። ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማ በሆነ ቦታ ላይ ምን እንደሚወጣ አይታወቅምና የቅርስ ባለሙያ ቆሞ ይይ። ሕንፃው በቅርስነት ከተመዘገበ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥገና ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ ይጠየቃል። በጊዜ ሠሌዳችሁ ውስጥ ቦታ ስጡት።

የኖራ_ጉድጓድ፦

ስለ ኖራው ልዘርዝር፣ ሥራው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና።

በከረጢት የሚሸጠው ኖራ ትኩስ ከሆነ ይሠራል። ከረጢቱ ተቀዶ ወራት ከቆየ ግን ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ተመልሶ ጠመኔ ሆኗል፣ ምንም አያጣብቅም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ ማንኪያ ዱቄት ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። በኃይል ከፈላ ሞቷል። የተሻለው ግን ጥሬውን (ተቃጥሎ ገና ውሃ ያልነካውን ኖራ) ገዝታችሁ ራሳችሁ በውሃ ብታበርዱት ነው። ለ1 ኪሎ ጥሬ ኖራ ከ2.5–3 ሊትር ውሃ ይበቃል። ሁልጊዜ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመር እንጂ ውሃው ኖራው ላይ አይፍሰስ፤ ይፈነዳል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ግድ ነው፣ አጠገቡ ዓይን መታጠቢያ ንጹሕ ውሃ ይቀመጥ። የበረደው በ3 ሚ.ሜ. ወንፊት ይጥለል፣ ከላይ ውሃ ተኝቶበት ቢያንስ 3 ወር ይቆይ። ሳይበርድ የቀረ እንክብል ካለ ግድግዳው ላይ ከገባ በኋላ ያብጥና ሞርታሩን (የኖራና የአሸዋ ቅልቅሉን) እንደ ፈንዲሻ ያፈነዳዋል።

መጠን፦ ውጪው ፖይንቲንግ 120 ካሬ ሜትር ቢሆንና መገጣጠሚያው ከግድግዳው ፊት 20 በመቶውን ቢይዝ፣ 5 ሳ.ሜ. ጥልቀት ሲሞላ 1.2 ሜትር ኩብ ነው። ብክነትን ጨምሩና 1.6 ያዙ። ለዚህ 1.6 ሜትር ኩብ አሸዋና 530 ሊትር ያህል የኖራ ሊጥ (በውሃ የበረደው ኖራ) ይፈልጋል፣ ይህም ወደ 250 ኪሎ ጥሬ ኖራ ነው። ሊጡ በአሸዋው ክፍተት ውስጥ ስለሚገባ የሞርታሩ መጠን ከአሸዋው ብዙም አይበልጥም።

«1 በ3» (1 ሊጥ በ3 አሸዋ) የሚባለው ልኬት ከአሸዋው ነው የሚወጣው። አሸዋውን ምጣድ ላይ አድርቁት፣ 1 ሊትር በሚይዝ ዕቃ ሙሉት፣ ከዚያ የተለካ ውሃ ላዩ እስኪደርስ አፍስሱበት። 330 ሚሊ ሊትር ከወሰደ 1 በ3 ነው፤ 400 ከወሰደ 1 በ2.5 ይሁን። ጭቃ ያለበት አሸዋ ይታጠብ፣ አለዚያ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ለታችኛው 1 ሜትርና ለግንቡ አናት ትንሽ ቶሎ የሚጠና ይሻላል፦ 1 ሊጥ፣ 2.5 አሸዋ፣ ግማሽ ደግሞ በደንብ ያልከረረ የሸክላ ጡብ ወይም የሬድ አሽ (የቀይ እሳተ ገሞራ ጠጠር) ዱቄት። ዱቄቱ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ መሆን አለበት፤ ከሻከረ አሸዋ ብቻ ነው የሚሆነው። «ለመተማመኛ ትንሽ ሲሚንቶ» የሚለውን ፎርማን አትስሙት። ጥቂት ሲሚንቶ ኖራውን ያዳክመዋል፣ ብዙው ደግሞ ወደ ቀድሞው ችግር ይመልሳል።

አገባቡ፦ መገጣጠሚያው ቢያንስ የስፋቱን እጥፍ፣ ከ2.5 ሳ.ሜ. ያላነሰ ይጠረግ። ይረጠብ፣ ነገር ግን ውሃ አይቋጥር። ጥልቅ ከሆነ በ2 ሳ.ሜ. እየተደራረበ፣ ሰፊው ቦታ ላይ ትናንሽ ስንጥር ድንጋይ እየገባ ይጠቅጠቅ። ፊቱ ከድንጋዩ እኩል ወይም ትንሽ ገባ ያለ ይሁን፣ ድንጋዩ ላይ አይለቅለቅ። በማግስቱ ጥፍር ሲጫኑት ምልክት ብቻ ሲያሳይ በጠንካራ ብሩሽ ፊቱን ደብደብ አድርጉት፣ ላዩ ላይ የሚተኛው ስስ የኖራ ቆዳ ይከፈታል። ከዚያ እርጥብ ጆንያ ይሸፈን፣ በቀን ሦስቴ ውሃ ይረጭበት፣ ከ7–10 ቀን። የጥቅምትና የኅዳር ፀሐይና ንፋስ በግማሽ ቀን ያደርቀዋል። ቶሎ ከደረቀ አይጠናም፣ በጣት ሲነካ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ መድኃኒቱም ማንሳትና እንደገና መሥራት ብቻ ነው።

ስካርፔሎ፦

የሁለቱም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ልቃወም፦ በጥያቄው ውስጥ ያለውን ሲሚንቶው ሁሉ ይነሳ የሚል ሐሳብ እንደ ሕግ አትውሰዱት።

መጀመሪያ 1 በ1 ሜትር የሙከራ ቦታ ውሰዱ፣ አንዱን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ፣ ሌላውን ቅስቱ ላይ። በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጉ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከድንጋዩ ተላቋል፣ በቀላሉ ይወጣል። ጥቁሩ ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ በአብዛኛው ይቋቋማል። ቀዩ ላይ ግን ሲሚንቶው የድንጋዩን ፊት ይዞ ከወጣ እዚያው አቁሙ። ያን ጠርዝ የሚመልሰው የለም። በዙሪያው ያለው ግድግዳ በኖራ ሲከፈት እርጥበቱ በዚያ ይወጣል፣ ቅስቱ ላይ የቀረው ጥቂት ሲሚንቶም ጉዳቱ ይቀንሳል።

ግራይንደር አይፈቀድ። አንድ ጊዜ እጅ ከሳተ ዲስኩ የድንጋዩን ጠርዝ ቀጥ ያለ ጠባሳ ይተውበታል። በመገጣጠሚያው መሐል መስመር በ6 ሚ.ሜ. መሰርሰሪያ በየ2 ሳ.ሜ. ቀዳዳ አውጡ፣ ከዚያ በቀጭን ስካርፔሎ (የድንጋይ መሮ) ከጠርዙ ወደ መሐሉ ቀዳዳ ምቱ። ወደ ድንጋዩ በፍጹም አይመታ። ሥራው አዝጋሚ ነው፣ የእጅ ዋጋውን በካሬ ሳይሆን በቀን ያዙት። በካሬ የሚከፈለው ሠራተኛ መቸኮሉ አይቀርም።

የውስጡ ልስን ሲነሳ ነጭ ጨው ብቅ ይላል። በውሃ አታጥቡት፣ ተመልሶ ይገባል። በደረቅ ብሩሽ ጠርጋችሁ ከሕንፃው አውጡት። በግምት 2.5 ሳ.ሜ. ግድግዳ ለመድረቅ አንድ ወር ይፈልጋል፤ ሁለቱም ፊት ከተከፈተ የእናንተ 60 ሳ.ሜ. ዓመት ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ስስ የኖራ ልስን ቀብታችሁ ጨዉን እንዲጠጣ ማድረግና በኋላ ማንሳት ይቻላል። የመጨረሻው ቀለምም ኖራ ይሁን፣ ወተት የመሰለ ቀጭን፣ 4 ወይም 5 ጊዜ። ፕላስቲክ ቀለም ዳግም ያፍነዋል።

ዋርካውን አትንቀሉት። ሥሩ ድንጋዩን አቅፎ ይዟል፣ ሲጎተት ግንቡን ይዞ ይወርዳል። ቅርንጫፉ ይቆረጥ፣ ጉቶው በመድኃኒት ይገደል፣ ሥሩ ሲደርቅ አናቱ ተከፍቶ በኖራ ይገንባ። ፋሲል መዋኛ ቅጥሩን ያቀፉትን ሥሮች ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል።

አሠሪው «ለምን በሲሚንቶ አንጨርሰውም» ካለ ፋሲል ግቢን አሳዩት። በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ የተጠገነው በኋላ ተነስቶ በኖራ መተካት ነበረበት።

ፒያሳ_ዲዛይን፦

እግዜር ይስጥልን፣ ብዙ ነገር ተቃንቶልናል። ግድግዳው ለዘንድሮ ጥምቀት እንደማይደርስ ገባኝ። ግቢውን ለብቻው መክፈት ይቻላል? ለተመልካች የእንጨት መቀመጫ ግድግዳውን ተደግፎ እንዲሠራም ተጠይቀናል።

ግቢ_ፕላን፦

ግቢው ይቻላል። መቀመጫው ግድግዳውን ተደግፎ አይቻልም።

በጥር 2012 በዚሁ በጎንደር በጥምቀት በዓል የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው ሞቷል። ስለዚህ በዚህ ላይ ድርድር የለም። መቀመጫው በራሱ የሚቆም፣ ከግድግዳው ቢያንስ 1 ሜትር የራቀ፣ በኢንጂነር ተሰልቶ የተፈረመበት ይሁን። የሚሰላው በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ነው። የጎን ግፊቱም ይሰላ፤ ሰው አንድ ላይ ሲነሳና ሲያሸበሽብ መቀመጫው ወደ ጎን ይገፋልና በሁለቱም አቅጣጫ የመስቀል ማጠንከሪያ ይኑረው። ምሰሶው ለስላሳ አፈር ላይ አይቁም፣ ከሥሩ ሰፊ ሳንቃ ይግባ። ሰው ቁጥሩ ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋ ጠባቂ ይመደብ።

ለንጣፉ ኮብልስቶን በአሸዋ ላይ፣ መገጣጠሚያውም በአሸዋ። በሲሚንቶ ከተሞላ ውሃው ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ቁልቁለቱ 2 በመቶ፣ ከሕንፃው ወደ ውጭ። የተዳፋት መወጣጫው ቁልቁለት 1 በ12፣ ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ በየ9 ሜትሩ 1.5 ሜትር ማረፊያ። ከደረጃው ድንጋይ ጋር አይጣበቅ፣ ነቅሎ ማንሳት የሚቻል ይሁን።

ኤሌክትሪኩ ድንጋይ ተፈልፍሎ አይቀበር። ከግድግዳው ግርጌ በሚታይ የብረት ኮንዲዩት (የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) ይሂድ፣ ብሎኑ መገጣጠሚያው ላይ ብቻ ይበሳ፣ ነገ ሲነሳ በኖራ ይደፈናልና። መጸዳጃውንና የቡናውን ማጠቢያ አዳራሹ ውስጥ አታስገቡ፤ ግቢው ጥግ ላይ ለብቻው ቀለል ያለ ቤት ሥሩላቸው። ውሃ የሚያፈስ ቱቦ በድሮ ግድግዳ ውስጥ ካለፈ የማፋሰሻው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። የከሰሉ ምድጃም ከቅስቶቹ ራቅ ይበል፣ ቀዩ ድንጋይ ጥላሸት ይመጥጣል፣ አይለቅም።

ስለ ጣራው እንጨት እስካሁን አልተወራም እንጂ እሱንም እዩ። የሚበሰብሰው ግድግዳ ውስጥ የገባው ጫፉ ነው። በመዶሻ መታ አድርጉት፣ በቀጭን መሰርሰሪያም ሞክሩት። ሲተካ በጫፉ ዙሪያ 2 ሳ.ሜ. የአየር ክፍተት ተዉለት።

የኖራ_ጉድጓድ፦

አንድ የረሳሁት። ፖይንቲንጉ መጥናቱን በፌኖልፍታሊን (ቀለም በመለወጥ የሚያሳይ መፈተኛ ኬሚካል) ማየት ትችላላችሁ፣ 1 በመቶ በአልኮል የተበጠበጠ። ከሞርታሩ ትንሽ ሰብራችሁ አዲሱ ስብራት ላይ ጠብ አድርጉት። ሮዝ የሆነው ገና ነው፣ ቀለም ያልለወጠው ጠንቷል። ጥንካሬው ከፊቱ ወደ ውስጥ በወር በግምት 1 ሚ.ሜ. ነው የሚገባው። ጥቅምት ላይ የሠራችሁት በግንቦት ከ6–8 ሚ.ሜ. ካሳየ በደህና እየሄደ ነው፣ ለክረምቱም ይበቃዋል። ከ3 በታች ከሆነ ግን ዝናቡ ሳይጀምር ያን ክፍል በሸራ ሸፍኑት፤ ሸራው ግድግዳውን አይንካ፣ አየር ይግባበት።