«ሚስቱን ጥሎ ሄደ» የምትሉት የማንን ሚስት ነው?

ቀይ ኮሪደር
ሴቨራንስ በተባለው ተከታታይ ድራማ ውስጥ ሉመን የሚባል ኩባንያ በሠራተኞቹ ጭንቅላት ቺፕ ይቀብራል፤ ሊፍቱ ወደ ሥራ ሲወርድ የሚነቃው «የውስጡ» ሰው፣ ቤት ያለውን «የውጪውን» ሕይወት አያስታውስም። የሁለተኛውን ሲዝን መጨረሻ አንድ ሰው በአንድ መስመር ሲያጠቃልለው አነበብኩ። «ማርክ ሚስቱን ጥሎ ከሌላ ሴት ጋር የሮጠ ከሃዲ ነው» ይላል። ከሥሩ ያለው ሰው ሁሉ ተስማምቷል። በጣም ነው የተናደድኩት። 19 ክፍል ሙሉ ምን ስናይ ነበር? ሞታለች ተብላ ሉመን የደበቃትን ጄማን ከሉመን ወለል አውጥቶ እስከ ደረጃው በር ያደረሳት እኮ የውስጡ ማርክ ነው። ኮልድ ሃርበር የተባለውን የመጨረሻ የሥራ ፋይሉን ጨርሶ፣ የሉመኑ ድራመንድ አንገቱን አንቆት፣ ከሞት ተርፎ። ይህን ሁሉ ሆኖላት ስሙ ከሃዲ ይሆናል?

የጄማ ወገን
የጻፍኩት እኔ ነኝ። አልመለስም። ከመስታወቱ ማዶ ሆና በሩን እየደበደበች ስትለምነው አይታችኋል። የቀረው አንድ እርምጃ ነበር። ዘወር ሲል ሉመን ውስጥ የሚወዳትን ባልደረባውን ሄሊን አየ። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሮጡ። ሚስቱን ጥሎ ሄደ። ሌላ ስም ካላችሁት ንገሩኝ።

ቁጥር አጣሪ
«ሚስቱን» ያልሽው የማንን ነው? እሷን ያገባት የውጪው ማርክ ነው። የውስጡ ማርክ የሚያውቃት የውስጧ ሴት፣ የሉመን አማካሪዋ ወይዘሪት ኬሲ ሆና ነው። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስለ ውጪው ማርክ መልካም መልካሙን ታነብለት ነበር፣ በቃ። ሰርጉ ላይ አልነበረም። ፅንሱ ሲወርድባት አብሯት አላለቀሰም። ሁለት ዓመት ነው የኖረው፤ እሱንም መስኮት በሌለው ቢሮ ውስጥ።

የጄማ ወገን
ጣቱ የማን ነው? ደሙስ? ሥጋው አንድ ነው። ጭንቅላት ውስጥ ቺፕ ስለተቀበረ ትዳር አይፈርስም። በመጀመሪያው ሲዝን በሸክላ ጭቃ ዛፍ ሲሠራ ረሳችሁት? ያ ዛፍ እኮ ጄማ ሞተችበት የተባለው ዛፍ ነው። ምንም ሳያውቅ እጁ አወጣው። ሐዘኑ በሊፍቱ አብሮት ወርዷል ማለት ነው። ሐዘን ከወረደ ፍቅርም ይወርዳል። ሚስቱ ናት።

አራተኛው ወንበር
ጥሩ፣ «ሥጋው አንድ ነው» ብለሻል፤ ያዝኩልሽ። እንግዲያው የማርክን ባልደረባ የዲላንን ነገር ምን ልታደርጊው ነው? ባለፈው ስንከራከር የውጪውን ዲላን ሚስት ግሬቸንን ከሁላችንም በላይ ያወገዝሻት አንቺ ነበርሽ። ሉመን እየተመላለሰች የውስጡን ዲላን ሳመችው፣ ይሄ ክህደት ነው አልሽ። ሥጋው አንድ ከሆነ የሳመችው ባሏን ነው። ምንም አላጠፋችም። ሁለት ሰው ከሆኑ ደግሞ የውስጡ ማርክ ሚስት የለውም። አንዱን ምረጪ።

የጄማ ወገን
የግሬቸን ሌላ ነው። ቤት ያለው ዲላን ሲሰማ ቆስሏል። ክህደት የሚባለው የሚቆስል ሰው ሲኖር ነው። እዚህ ደግሞ ጄማ ቆስላለች።

አራተኛው ወንበር
የቆሰለው እኮ ሌላ ወንድ መሆኑ ስለተሰማው ነው! ሰው በራሱ ይቀናል? የውስጡ ዲላን በእጁ ቀለበት ሠርቶ አግቢኝ ብሎ ሲጠይቃት፣ ያገባት ሰው ያገባትን ሴት እየጠየቀ ነበር? ግሬቸን ራሷ እምቢ ስትል የሁለቱን ልዩነት አውቃ ነው። ከኛ ሁሉ ቀድሞ የገባት ለእሷ ነው።

ቀይ ኮሪደር
ክርክሩ ያለው «ሚስቱ» መጨረሻ ላይ ባለችው «ቱ» ነው። ያቺ «ቱ» ወደ ማን እንደምትመለስ ሳትነግሪን ሰውየውን ከሃዲ ልትይው አትችዪም።

የጄማ ወገን
ወደ ማርክ ትመለሳለች። ማርክ ስካውት። መታወቂያው ላይ ያለው ስም እሱ ነው።

ቁጥር አጣሪ
የውስጡ መታወቂያ የለውም። «ማርክ ኤስ» ነው የሚባለው። የአባቱን ስም እንኳ አልሰጡትም።

የሌሊት ፈረቃ
ስለ ጎጆዋ ትዕይንት ማንም አለማንሳቱ ገርሞኛል። ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚያ ነው። ሁለቱ ማርኮች በትንሿ ካሜራ እየተቀዳዱ ያወራሉ። በረንዳው ላይ ሲወጣ የውጪው ነው፤ ጎጆዋ ውስጥ ሲገባ የውስጡ። የውጪው ይቅርታ ጠየቀ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ስለ ሄሊ ሲያወራ «ሄሌኒ» አላት። ያን ጊዜ የውስጡን ፊት እዩት። አልተቆጣም፤ ዝም ነው ያለው። ያ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሐዘኑን ተሸክሞለታል፤ የሚወዳትን ሴት ስም ግን አያውቅለትም። ከዚያ ቪዲዮ በኋላ በሩ ላይ የሆነው ሊሆን ግድ ነበር።

የጄማ ወገን
ስም መሳሳትና ሚስት መነጠቅ አንድ ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ? ጄማን እዚያ ታችኛው ፎቅ ምን እንዳደረጓት አይተናል። በአንዱ ክፍል ስትገባ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ናት፣ በሌላው ሊወድቅ የሚንገጫገጭ አውሮፕላን ውስጥ፣ በሌላው እጇ እስኪዝል የምስጋና ካርድ ትጽፋለች። በፋይሉ ስም የተሰየመው የኮልድ ሃርበር ክፍል ሲከፈት ደግሞ የሕፃን አልጋ እንድትፈታታ አደረጓት። የራሷን። ያላቀፈችውን ልጅ አልጋ። ይሄንን ሁሉ አልፋ ወጥታ ባሏ አጠገቧ የለም። እኔ ከእሷ ጎን ነኝ።

ቁጥር አጣሪ
ከእሷ ጎን ያልቆመ እዚህ ማን አለ? አልጋው ላይ እኔም አልቅሻለሁ። ጥያቄው የውስጡ ማርክ ለምን ይሙት ነው። ያን በር አልፎ ሲወጣ ያለቀለት እሱ ነው። የውጪው «እንዋሃዳለን»፣ የሁለታችንም ትዝታ አንድ ላይ ይሆናል ብሎታል። የቀድሞ ባልደረባው ፒቲ ተዋህዶ ምን ሆነ? በመጀመሪያው ሲዝን ሦስተኛ ክፍል ተዘርሮ አይተነዋል። የተዋሃደ ቀን ደግሞ ያ ሁለት ዓመት በዚያ ሁሉ ዕድሜ ውስጥ ምን ያህል ነው? በርሜል ውኃ ላይ እንደ ጠብታ ቡና ይሆናል። ይህንን ራሱ የውስጡ ማርክ አንስቶታል፤ የሚያሳምን መልስ አልተሰጠውም።

ያልጠረጠረ
እናንተ ስለ በሩ ስትጣሉ ትልቁ ነገር እያመለጣችሁ ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የቆመችው ሄሊ ለመሆኗ ማስረጃችሁ ምንድን ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የሁለተኛው ሲዝን አራተኛ ክፍል ላይ በረዶው ሜዳ ሲወጡ የሄሊ የውጪዋ፣ የኩባንያው ወራሽ ሄሌና የበግ ለምድ ለብሳ አብራቸው ነበረች። ማርክ ድንኳን ውስጥ አብሯት ሆኖ እንኳ አልለያትም። የነቃው ባልደረባቸው ኢርቪንግ ብቻ ነው። ውጪ ሆና የሌሊት አትክልተኛ አየሁ ስትል የያዛት ውሸት ከውስጡ አልወጣም፤ በመጨረሻ ውኃ ውስጥ ደፍቆ አስመሰከረባት። አሁን ደግሞ ኢርቪንግ የለም። በመጨረሻው ክፍል «እኔ እሷ ነኝ» ብላ በአፏ ነግራዋለች! ለምንድን ነው ማንም የማይሰማት?

አራተኛው ወንበር
እሷ ያለችው ሌላ፣ አንተ የሰማኸው ሌላ። ውጪ ስትወጣ ሄሌና ኢገን ነች፣ ስለዚህ ለሁለታችን የወደፊት የለንም፣ አንተ ግን የመኖር ዕድል አለህ፣ ሂድና ሴትዮዋን አውጣ ነው ያለችው። ራሷን እየካደች ለቀቀችው። ይሄ የሄሊ ንግግር ነው፤ ሄሌና እንዲህ አትሰጥም።

ያልጠረጠረ
«ሄሌና እንዲህ አትሰጥም» ድንኳኑ ውስጥም ተብሎ ነበር።

የሌሊት ፈረቃ
የሉመን አለቃ ጄም ኢገን ወርዶ ያናገራትን ተመልከት። ልጄን አልወድም፣ በእሷ ውስጥ ያጣሁትን ኪየርን (የኩባንያውን መሥራች) በአንቺ አየሁት ነው የሚላት። አባቷ ራሱ ለይቷታል። ከዚያ ከዲላን ጋር የፎቁን ኃላፊ ሚልቺክን መጸዳጃ ቤት ቆልፋ፣ መሸጫ ማሽኑን በር ላይ ደግፋ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ የሉመንን ማርሽ ባንድ ሰዎች ለአመፅ ጠራች። የኩባንያው ወራሽ የራሷን ኩባንያ ልታስነሳ? ደግሞ ትከሻዋን እይ። ሄሌና ስትራመድ ትከሻዋ አይንቀሳቀስም፤ ሄሊ ወደፊት ዘምበል ብላ ነው የምትሄደው። ብሪት ሎወር በ2025 ኤሚ የወሰደችው እንዲያው አይደለም።

ያልጠረጠረ
ትከሻ ማስረጃ ሆኖ አያውቅም። ሦስተኛው ሲዝን ሲመጣ እንተያያለን።

የፍየሎቹ ጠበቃ
ፍየሎቹን ማንም አያነሳም? ከመጀመሪያው ሲዝን አምስተኛ ክፍል ጀምሮ፣ ሰውዬው ጠርሙስ ይዞ ገና አልደረሱም ሲል፣ ስንጠብቅ ኖረን መልሱ ለመሥዋዕት ናቸው ሆነ። ለዚህ ነው ከ2022 ሚያዝያ እስከ 2025 ጥር የጠበቅነው?

ቁጥር አጣሪ
መልሱ ትልቅ ነው እኮ፣ ወዳጄ። ኤሚል የተባለው ፍየል የሚታረደው ከጄማ ጋር ሊቀበርና መንፈሷን ወደ ኪየር ሊመራ ነው። ይህ ማለት ኮልድ ሃርበር ሲያልቅ ጄማን ሊገድሏት ነበር። የፍየሎቹ ጠባቂ ሎርን ከዚህ በፊትም ፍየል ሰጥታለች፤ በቃኝ ያለች ትመስላለች። ስለዚህ የውስጡ ማርክ ያዳነው ትዳር አይደለም፤ ሕይወት ነው። የማያውቃትን ሴት ሕይወት። ለሚስቱ ብሎ ከማድረግ ይሄ አይበልጥም?

የጄማ ወገን
አንተ «የማያውቃትን» ካልክ ድራመንድን የገደለው ማን ነው? መልሱልኝ። ሊፍቱ ሲወርድ የማረጃውን ሽጉጥ አንገቱ ላይ የደገነው የውስጡ ነው። መሃል ላይ ሲለወጥ ጣቱ ተንቀሳቀሰ፤ ተኮሰ። ስንፈልገው ሁለት ሰው፣ ሳንፈልገው አንድ ሰው እያደረግነው ነው። እዚያ ሊፍት ውስጥ አንድ ጣት ነበር።

ቀይ ኮሪደር
እሱን አልመልሰውም፤ ከባድ ነው። ማንም አልወሰነም፣ ሰው ግን ሞቷል። ነገር ግን ሽጉጡ ሳይታሰብ መተኮሱ በሩ ላይ የታሰበበትን ውሳኔ አይለውጠውም። በሩ ላይ ቆሞ አስቧል። ሁለቱንም ሴቶች አይቷል።

107 ሰዓት
እስካሁን ዝም ያልኩት አንዳችሁ እንድታነሷት እየጠበቅሁ ነበር። አላነሳችኋትም። የውስጦቹ ሰው ናቸው ስትሉ ስንት መልእክት ጻፋችሁ፤ እሺ፣ እኔም አምናለሁ። እንግዲያው በዚያ በር ማን ነው የሞተው? ከታች በሊፍት ሲወጡ ጄማ የወይዘሪት ኬሲን ዓይን ይዛ ነው የነቃችው። ኮሪደሩን የሮጠችው ኬሲ ናት። ግራ ገብቷት፣ ለምን እንደምትሮጥ ሳታውቅ። ማርክ ውጪ አላት፤ በሩን አለፈች፤ አለቀ። በመጀመሪያው ሲዝን ስለ ራሷ የተናገረችው ትዝ ይላችኋል? ዕድሜዬ 107 ሰዓት ነው ብላው ነበር። ከዚያ ውስጥ ደስ ያላት ሄሊን ስትጠብቅ ቢሮው ውስጥ የዋለችባቸው ሰዓታት ነበሩ። ለራሱ ያን በር አላልፍም ያለው ሰው እሷን አሳለፋት። ማንም አልጠየቃትም።

ቁጥር አጣሪ
ታች ብትቀር ይገድሏት ነበር።

107 ሰዓት
አውቃለሁ። አውጥቷት ልክ ሠርቷል። እኔ የምለው እናንተ «ሚስቱ» በምትለዋ ቃል ላይ ይሄን ሁሉ ስትጨቃጨቁ ጄማን የውጪው ወሰዳት፣ ሄሊን የውስጡ ወሰዳት፣ ኬሲን ማንም የእኔ አላላትም ነው። የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ብቻ የምትነቃዋስ? ከዚያ ወንበር ሌላ ዓለም አታውቅም። ማርክ የጨረሰው 25 ፋይል ማለት እያንዳንዱ አንድ የጄማ የውስጥ ሴት ነው፤ የቀድሞ አለቃው ኮቤል ራሷ ናት የነገረችው።

የጄማ ወገን
ኬሲ ጄማ ናት። ውስጧ አለች። አልሞተችም።

አራተኛው ወንበር
ታዲያ ኬሲ ጄማ ከሆነች የውስጡ ማርክም የውጪው ነው፣ ሚስቱን ጥሎ ሄደ። ኬሲ ጄማ ካልሆነች... እህቴ፣ አሁን እኔም ተምታታብኝ። ግሬቸን ላይ ያልኩትን ግን አላነሳም።

ያልጠረጠረ
በሩ ላይ የቆመችው ሄሌና ከሆነች ግን ይሄ ሁሉ...

የሌሊት ፈረቃ
ተው በቃ! ሄሊ ናት አልንህ።

107 ሰዓት
በሦስተኛው ሲዝን ጄማ ደረጃው ላይ ስትነሳ፣ እግሯ ለምን እንደደከመ አታውቅም። የሮጠችው እሷ አይደለችማ። ያንን ካሳዩን ይበቃኛል።