ለፊኛ ካንሰር ምርመራ የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ይሆናል? የኤንኤምፒ22 ካሴቱስ ለምን ይህን ያህል ሰው ፖዘቲቭ ይላል?

ናሙና_ክፍል
ሰላም ለሁላችሁ። ሽንታቸው ውስጥ ደም ከታየባቸው ሰዎች ናሙና እየተቀበልን ሳይቶሎጂ (ሴሎቹን በማይክሮስኮፕ ማየት)፣ የኤንኤምፒ22 ካሴት (ሽንት የሚንጠባጠብበት ፈጣን የፕሮቲን ምርመራ) እና የቲኢአርቲ ሚውቴሽን (በፊኛ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚገኝ የጂን ለውጥ) በፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤውን በማባዛት፣ እንሠራለን። ሁሉም የሚቀዳው ከአንድ ዕቃ ነው፤ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት፣ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ። ስላይዱ ላይ ሴሎቹ ተበላሽተው ይታያሉ። ካሴቱ ደግሞ ሲስቶስኮፒ (ፊኛን ውስጡን በካሜራ ቱቦ ማየት) ምንም ያላገኘባቸውን ብዙ ሰዎች ፖዘቲቭ ይላል። ዓርብ ፍሪጅ የገባ ናሙና ሰኞ ሲወጣ ከሥሩ ነጭ ነገር ረግቶበታል፤ የሚገኘውም ዲኤንኤ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጥፋቱ የምርመራዎቹ ነው ወይስ የናሙናው?

ስላይድ_አንባቢ
የሳይቶሎጂው ጥፋት ከናሙናው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፊኛ ውስጥ ያደረ ሴል ሲወጣ ግማሽ ሞቷል፤ ሽንት አሲድና ጨው የበዛበት ፈሳሽ ስለሆነ ሴልን ይበላዋል። ሰውየው ከእንቅልፉ እንደተነሣ የመጀመሪያውን ሽንት ይድፋ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ተቀበሉት። ወዲያው የማይሠራ ከሆነ ለሳይቶሎጂ የተቀዳው ላይ 50 በመቶ ኤታኖል እኩል በእኩል ጨምሩበት። ይህ ግን ለዚያ ድርሻ ብቻ ነው፤ አልኮል የገባበትን ሽንት ካሴት ላይ እንዳታንጠባጥቡ።

የሴሉ መበላሸት ይህን ያህል የሚያሳስበው በፓሪስ ሥርዓት (የሽንት ሳይቶሎጂ ውጤት መመደቢያ መመሪያ) የምናነብ ሰዎች ኒውክለሱ ከሴሉ ምን ያህሉን እንደያዘ ስለምንለካ ነው። 0.7 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ኒውክለሱ ጠቁሮ ጠርዙም ወጣ ገባ ሲል ከፍተኛ ደረጃ ካንሰርን እንጠረጥራለን። የሞተ ሴል ደግሞ ሳይቶፕላዝሙ ይረግፍና ኒውክለሱ ብቻውን ጠቁሮ ይቀራል። ጤነኛው ሴል ካንሰር ይመስላል፣ ካንሰሩም ቅርጹ ይጠፋል። የቢኬ ቫይረስ የያዘው ሴልም እንዲሁ ትልቅና ጥቁር ኒውክለስ ስላለው ያታልላል፤ የእሱ ኒውክለስ ግን ውስጡ ወጥና ደብዛዛ መስተዋት ይመስላል።

ዝቅተኛ ደረጃ ዕጢዎችን ሳይቶሎጂ ቢያመልጣቸው አትገረሙ። ሴሎቻቸው ከጤነኛው ስለማይለዩ ናሙናው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዓይን አይለያቸውም።

ፕሮቲን_ላብ
ወደ ካሴቱ ልምጣ። ኤንኤምፒ22 የኒውክለስ ፕሮቲን ነው፤ ወደ ሽንት የሚገባው ሴል ሲሞት ነው። ካሴቱ ደግሞ ሴሉ በምን እንደሞተ አይጠይቅም። ኢንፌክሽን፣ ጠጠር፣ ካቴተር፣ የትናንቱ ሲስቶስኮፒ፣ ሁሉም ከ10 ዩኒት በሚሊ ሊትር በላይ ሊያደርሱት ይችላሉ። ስለዚህ አስቀድማችሁ በዲፕስቲክ (ሽንት ውስጥ በሚነከር የምርመራ ወረቀት) የኢንፌክሽን ምልክት የሆኑትን ነጭ የደም ሴልና ናይትራይት እዩ። ካለ ኢንፌክሽኑ ታክሞ ሲድን በአዲስ ሽንት ይደገም። መሣሪያ ከገባበት ፊኛ በዚያው ሰሞን የተቀዳን ናሙናም አትመርምሩ። አሠራሩም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ 4 ጠብታ፣ ንባብ ከ30 እስከ 50 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ። ካሴቱን ጠረጴዛ ላይ ረስቶ ከሰዓት በኋላ ማንበብ ብቻውን ውጤት ያዛባል።

ወደ ቢቲኤ ስታት፣ ወደ ሌላው ፈጣን የሽንት ምርመራ፣ እንቀይር ብላችሁ እንዳታስቡ። እሱ የሚይዘው ከኮምፕሊመንት ፋክተር ኤች (ከሰውነት መከላከያ ፕሮቲኖች አንዱ) ጋር የሚዛመድ ፕሮቲን ነው፤ ፋክተር ኤች ደግሞ ደም ውስጥ ሞልቷል። ሽንታቸው ደም ላለበት ሰዎች ከእሱ የባሰ ምርጫ የለም።

ሁሉን በትክክል ብትሠሩም ግን የውሸት ፖዘቲቩ አይጠፋም፤ ይህ የስሌት ጉዳይ ነው። ደም ከታየባቸው 1000 ሰዎች 30ዎቹ ካንሰር አለባቸው እንበል። ምርመራው ሴንሲቲቪቲው (ካንሰር ካለባቸው የሚይዘው) 70፣ ስፔሲፊሲቲው (ካንሰር ከሌለባቸው በትክክል ኔጌቲቭ የሚለው) 80 በመቶ ቢሆን፣ 21ዱን ይይዛል፣ 9ኙ ያመልጡታል። ካንሰር ከሌለባቸው 970 ውስጥ ግን 194ቱን ፖዘቲቭ ይላል። ከ215 ፖዘቲቭ እውነተኛው 21 ነው ማለት ነው። የሚያመኝ ግን እነዚያ 9ኙ ናቸው፤ «ኔጌቲቭ ነዎት» ተብለው ወደ ቤት መሄድ የለባቸውም። ሲስቶስኮፒን የሚተካ የሽንት ምርመራ እስካሁን የለም።

ጂን_ቆጣሪ
ዲኤንኤውን የበላው ሽንት ውስጥ ያለው ኒውክሌዝ፣ ዲኤንኤ የሚቆራርጥ ኤንዛይም፣ ነው። ፍሪጅ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ሽንቱ እንደመጣ ለሳይቶሎጂና ለካሴት የሚሆነውን ቀንሱና ከቀረው ላይ በየ50 ሚሊ ሊትሩ 1 ሚሊ ሊትር የ0.5 ሞላር ኢዲቲኤ ጨምሩ፤ መጨረሻው 10 ሚሊሞላር ገደማ ይሆናል። ኢዲቲኤ ኤንዛይሙ የሚፈልገውን ማግኒዚየም ይነጥቀዋል። ከዚያ በ2000 ጂ ለ10 ደቂቃ ሴንትሪፉጅ አድርጋችሁ ዝቃጩን በፒቢኤስ (ሴል የማይጎዳ የጨው ውሃ) እጠቡ። ከላይ ያለውንም ፈሳሽ አትድፉት፤ የዕጢው ዲኤንኤ እዚያም አለ። ሁለቱንም በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ በ−80 ዲግሪ አስቀምጡ። አንዴ የቀለጠ ተመልሶ አይቀዝቅዝ።

ነጩ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቅዝቃዜ ያረጋው ጨው ነው፤ ዩሬት ከሆነ 37 ዲግሪ ላይ ሲሞቅ ይሟሟል። ሳይሟሟ ሴንትሪፉጅ ብታደርጉት ከሴሉ ጋር አብሮ ይወርድና ፒሲአሩን ያንቃል። ዩሪያም እንዲሁ ያግዳል። የኢዲቲኤውም ትራፊ ካልታጠበ የፒሲአሩን ማግኒዚየም ይወስዳል። ስለዚህ በየፒሲአር ዙሩ የውስጥ ኮንትሮል (ፒሲአሩ መሥራቱን የሚያሳይ ሁልጊዜ መውጣት ያለበት ዲኤንኤ) ይኑር። ኮንትሮሉ ካልወጣ ዲኤንኤውን 1 ለ10 አቅጥናችሁ ድገሙ፤ ሲቀጥን ከወጣ ችግሩ አጋጅ ነበር።

ስለ ቲኢአርቲ አንድ ነገር ልጨምር። ሲ228ቲ እና ሲ250ቲ ሁለቱም ሲ ወደ ቲ የተቀየረባቸው ናቸው። ዲኤንኤ ሲያረጅ ሳይቶሲን አሚኑን ጥሎ ፒሲአር ላይ የሚያሳየውም ይህንኑ ለውጥ ነው። የቆየ ናሙና ሚውቴሽን የሌለበትን ሰው አለበት ሊያስብል ይችላል። ዲኤንኤውን ከፒሲአር በፊት በዩራሲል ግላይኮሲሌዝ አክሙት፤ ናሙናውን በብዙ ጠብታ ከፋፍሎ በሚቆጥር ዲጂታል ፒሲአር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ በጥቂት ጠብታ ብቻ የታየ ውጤት ከሌላ ቱቦ ይደገም።

ናሙና_ክፍል
እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ናሙናው ንጹሕ ሆኖ ሳይቶሎጂውም ቲኢአርቲውም ፖዘቲቭ፣ ሲስቶስኮፒው ግን ባዶ ሲሆን «የውሸት ፖዘቲቭ» ብለን እንመዝግበው?

ስላይድ_አንባቢ
አይሆንም። ጠፍጣፋው ካንሰር፣ ካርሲኖማ ኢን ሲቱ የሚባለው፣ በነጭ ብርሃን ጤነኛ ሽፋን መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ሽንቱ ደግሞ ከኩላሊት ጀምሮ ነው የሚወርደው፤ ሴሉ ከዩሬተር ወይም ከኩላሊቱ ሽንት መሰብሰቢያ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ በሰማያዊ ብርሃን ሲስቶስኮፒ እንዲያይ፣ ጤነኛ ከሚመስለው ሽፋንና ወንድ ከሆነ በፕሮስቴት ውስጥ ከሚያልፈው የሽንት ቧንቧ (ዩሬትራ) ባዮፕሲ እንዲወስድ፣ የላይኛውንም የሽንት መስመር በሲቲ ዩሮግራፊ (የሽንት መስመርን በሚያሳይ ሲቲ ስካን) እንዲያስነሣ በሪፖርቱ ላይ ጻፉለት። እስከዚያው መዝገቡ ላይ «ፖዘቲቭ፣ ምንጩ ያልታወቀ» ተብሎ ይቆይ፤ ከቀረው ዲኤንኤ አንዱን ቱቦም አትጨርሱት፤ ዕጢው ሲገኝ ሚውቴሽኑን ማመሳከሪያ ይሆናል።