የተጎዳ ሻንጣ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ሰላም ለሁላችሁ። ለጥምቀት ከአሜሪካ አገር ቤት ልትሄድ የተነሳችው እህታችን የሻንጣዋ ጎማ እንደወለቀና ዚፑም አልገጥም እንዳላት ጽፋለች። ብዙዎቻችሁ "ጣዪውና ርካሽ ነገር ግዢ" ብላችኋታል። እኔ አልስማማም።

እህቴ፣ መጀመሪያ የተበላሸው ምኑ እንደሆነ እዪ። ጎማ፣ ዚፕና እጀታ የሚቀየሩ ነገሮች ናቸው። የሻንጣው አካል ከተሰነጠቀ፣ የውስጥ ፍሬሙ ከተጣመመ ወይም ጨርቁ ዚፑ በተሰፋበት በኩል ከተተረተረ ግን ገንዘብ አታባክኚበት። የውስጥ ገበሩ እየተላጠ ልብስ ላይ የሚጣበቅ ከሆነም አበቃለት። የገበሩ ሽፋን ከእርጅና የተነሳ እየተበላሸ ነውና በማጠብ አይመለስም።

ዚፕ ተበላሸ ሲባል ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ደህና ነው። ችግሩ ያ የሚሳበው የዚፑ ራስ ነው። ከብዙ መሳብ የተነሳ አፉ ይሰፋና ጥርሶቹን አጥብቆ መግጠም ያቅተዋል። ዘግተሽው ከኋላ የሚከፈተው ለዚህ ነው። በፒንሳ የራሱን ግራና ቀኝ ቀስ ብለሽ፣ እኩል እኩል ጫን ጫን አድርጊው። በኃይል ከሆነ ይሰበራል። ካልሆነም ራሱን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ እንደ 8 ወይም 10 ያለ የመጠን ቁጥር አለ፣ በዚያው ቁጥር ትገዢያለሽ። ጥርሱ ከረገፈ ግን ሙሉ ዚፑ ይቀየራል። የእዚህ አገር የእጅ ዋጋ ደግሞ ከአንድ መካከለኛ ሻንጣ ዋጋ ጋር ሊስተካከል ይችላል። ስለዚህ ሳትሰጪው በፊት ዋጋውን ጠይቂ።

ጎማውን ገልብጠሽ እዪው። በብሎን ከታሰረ ካቻቢቴ ይበቃል። በሪቪት (ተጠፍጥፎ በሚቀር የብረት ሚስማር) ከሆነ ሪቪቱን በትራፓኖ ሰርስሮ ማውጣት ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ከሌለሽ ለጫማ ሰፊ ስጪው። እዚህ አሜሪካም ጫማ የሚያድሱ ሱቆች ብዙዎቹ ሻንጣም ይጠግናሉ። መለዋወጫ ስታዝዢ የጎማውን ቁመት፣ ውፍረትና መሀሉን የሚያልፈውን ብረት በሚሊ ሜትር ለክተሽ እዘዢ፤ በዓይን ግምት የተገዛ አይገባም። ከተቻለ ጎማዎቹን አንድ ላይ ቀይሪ። ለዓመታት ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ ሻንጣ ጎማው እርጥበት እየሳበ ውስጥ ለውስጥ ይበላሻል፤ አንዱ ከተፈረፈረ ሌላውም ተራውን እየጠበቀ ነው።

አሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የባዶ ሻንጣው ክብደት! ወደ አዲስ አበባ ስንበር በኢኮኖሚ ቲኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድልን ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ባዶውን 5 ኪሎ የሚመዝን አሮጌ ሻንጣ ለዕቃሽ የሚተውልሽ 18 ኪሎ ብቻ ነው። ባዶው 3 ኪሎ የሆነ ብትይዢ በሁለቱ ሻንጣ 4 ኪሎ ታተርፊያለሽ። ስትመለሺ ያ 4 ኪሎ በርበሬና ሽሮ ነው። ሲሄዱም ለእናት የሚገዛ ጫማና ለዘመድ ልጆች የሚሆን ልብስ ነው። ትርፍ ኪሎ ከፍሎ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። ስለዚህ ሻንጣሽን ባዶውን መዝኚው። ከ5 ኪሎ ካለፈ፣ ምንም ሳይሰበርም ቢሆን መቀየሩን እደግፋለሁ።

ከገዛሽ ግን በመጨረሻው ሳምንት እየተጣደፍሽ አትግዢ። ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ሻንጣዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። የተሠሩበት ፕላስቲክ ይለያያል። መለያው ላይ ኤቢኤስ የሚለው ርካሽ ነው፣ ሲመታ ይሰነጠቃል። ፖሊካርቦኔት የሚለው ጫና ሲበዛበት ጎበጥ ብሎ ይመለሳል። ለእኛ ዓይነት አጨናንቆ ለሚጭን ሰው ሁለተኛው ይሻላል። አራት ጎማ ያለው ለመግፋት ምቹ ቢሆንም ጎማዎቹ ወደ ውጭ ስለወጡ ሲወረወር ቶሎ ይሰበራሉ። ሁለት ጎማው አካሉ ውስጥ ገባ ያለ ስለሆነ የበለጠ ይችላል። እኔ ለአገር ቤት ጉዞ ሁለት ጎማ እመርጣለሁ።

የሰበረው አየር መንገድ ከሆነ ደግሞ ከኪሳችሁ አትክፈሉ። በዚህ ጉዳይ ወገኖቻችን መብታቸውን ሲተዉ ሳይ ያናድደኛል። ከኤርፖርቱ ሳትወጡ ሻንጣ ክፍል ሄዳችሁ አስመዝግቡ፣ ፎቶ አንሱ፣ የሻንጣውን ታግ አትጣሉ። የዓለም አቀፍ በረራ ካሳን በሚወስነው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለተጎዳ ሻንጣ በጽሑፍ የማመልከቻው ጊዜ ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ 7 ቀን ብቻ ነው። ኢትዮጵያም አሜሪካም የስምምነቱ አባል ናቸው። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም ጎማ፣ እጀታና ማንጠልጠያ ሲጎዳ አየር መንገዶች "አይመለከተንም" ማለት እንደማይችሉ ግልጽ አድርጓል። ከልክ በላይ ታጭቆ የፈነዳ ወይም ቀድሞ የተጎዳ ግን አይካስም፤ ስለዚህ ከመጫኑ በፊትም ፎቶ ይኑራችሁ። የዋስትና ወረቀታችሁንም አንብቡ። አንዳንድ አምራቾች የአየር መንገድ ጉዳትን አይሸፍኑም። እንደ ብሪግስ ኤንድ ራይሊ ያሉት ደግሞ እሱንም ጨምረው ዕድሜ ልክ ይጠግናሉ፤ ዋጋቸው ግን ውድ ነው።

ላንቺ የምመክርሽ ይኸው ነው። ዚፑን በፒንሳ አስተካክዪው፣ በሰፊ ቀበቶ እሰሪውና ይዘሽው ሂጂ። በፕላስቲክ ማስጠቅለሉን ተዪው፤ ፈታሾች መክፈት ካስፈለጋቸው ይቀድዱታል። ጎማውን አዲስ አበባ አስቀይሪ። መርካቶ ውስጥ እዚህ "አይሠራም" የተባለውን ሻንጣ በእጃቸው ገጣጥመው የሚያድሱ ባለሙያዎች አሉ፤ ዋጋውም ከእዚህ ጋር አይወዳደርም። ለመመለሻ ካልፈለግሽው ጠግነሽ ለቤተሰብ ተዪላቸው።

እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አካባቢ የሚሳበውን እጀታ የሚቀይር ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ፣ ከነዋጋው እዚሁ ጻፉልን። ብዙ ሰው እየፈለገ ነው።